ቀበቶ በሁዳዴ

እማዬ ቀበቶ የሚባለውን እባቤን እቤት ያስገባችው «ሰው የነከሰ ቀን ይባረራል» ብላ ነው።

«መርዝ የለውም። የሚነክሰውም ሥጋ ሥጋ የሚሸት እጅ ብቻ ነው፤ ታጥበሽ ያዢው» አልኳት።

«እና በሁዳዴ ማንን ሊነክስ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ትናንት አባዬ ከሥራ ገብቶ ሊዳብሰው እጁን ሲሰድ፣ ቀበቶ ጣቱን ግጥም አድርጎ ያዘው።

«ኧረ በላኝ! ይሄ አውሬ ዛሬውኑ ይውጣልኝ!» ብሎ ጮኸ።

እያለቀስኩ የቀበቶን ካርቶን ላመጣ ተነሳሁ። እማዬ ግን እባቡን ዞራም አላየችው። የአባዬን ጣቶች ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምሳህን የት ነው የበላኸው?»

ዛሬ ማኅበርተኞቿ ሲመጡ ራሷ ቀበቶን አቅፋ በር ላይ ቆመች።

«ግቡ፣ ግቡ! መጀመሪያ ግን እስቲ ዳበስ አድርጉት።»