ጠላ የሌለው ተዝካር

ሾፌሩ የሻምበል ጣሳውን በመዳፉ ከድኖ «ይቅርብኝ፣ መኪና እነዳለሁ» ሲል፣ ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው የሻሽወርቅን ነው። እሷን! የአንድያ ልጇን የአርባ ቀን ተዝካር የምታወጣውን እናት።

ጠዋት አስምላዋለች። ዘመዶቿን ከፃግብጂ በአይሱዙ ጭኖ መጥቶ ገና ከጋቢናው ሳይወርድ እጁን ያዝ አድርጋ «ዛሬ እንዳትቀምስብኝ» አለችው። የልጇ የተስፋው ጓደኛ ነው፤ ሁለቱም ሾፌሮች፣ ሁለቱም አንድ ሰሞን መንጃ ፈቃድ ያወጡ። «ብቀምስ የተስፋው አጥንት ይውጋኝ፣ እማ የሻሽ» ብሎ ማለላት።

እሷም ጠላ አልጠመቀችም፤ ማር ገዝታ ብርዝ በጠበጠች። ተስፋው ገደል የገባው ከሰው ክርስትና ሲመለስ ነው፤ ሲጠጣ ውሎ። ሁለት ሰውም ይዞ ሄዷል። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። ሁሉም «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላታል፤ እሷ ግን ምን ደርሶ እንደሆነ ታውቃለች።

ምሳው የሚባለውን የባሏን ወንድም ግን ማን ያስቆመዋል? «ያለ ጠላ ተዝካር! የወንድሜ ልጅ ውሻ ነው እንዴ?» ብሎ ሚስቱን አስጠምቆ፣ ስድስት ጀሪካን በአህያ አስጭኖ ከተፍ። የነፍስ አባቷን አባ ገብረ ሊባኖስን «እርስዎ ይከልክሉልኝ» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ፣ ሰው አይቀየምሽ» ብለው ጠላውን ባረኩት። በቃ። የተባረከውን ማን እንቢ ይላል!

«እንዴ!» ይላል ምሳው፣ ጆጉን እንደያዘ የሻምበል ፊት ቆሞ። «ለጓደኛህ ነፍስ እኮ ነው! ነፍስ ይማር ለማለት ትሰስታለህ?»

«አያ ምሳው፣ ቁልቁለቱን ያውቁታል። ሰው ጭኜ ነው የምመለሰው።»

«ጠላ ያልጠጣ አይገለበጥም? ቀበሌው የመንገድ ዳሩን ጠላ ቤት ሁሉ ከዘጋ ወዲህ ስንት መኪና ገደል ገባ? እስቲ ንገረኝ!»

«ሁለት» ትላለች ጥሩሐረግ ከሴቶቹ መሀል። ጠላ ሻጭ ነበረች፤ ተስፋው በሞተ በሳምንቱ ቤቷ ታሸገ። «ሟቹ እኔ ቤት ከንፈሩን አርሶ አያውቅም። እኔማ ሾፌር ሲበዛበት ሳይ ‹አልቋል፣ አተላ ብቻ ነው የቀረኝ› ብዬ እሸኝ ነበር። ባለድግስ አልቋል ይላል? ያፍራላ!»

ሰው ይስቃል። የሻሽወርቅ አትስቅም። ይዘጋልኝ ብላ ቀበሌ የሄደችው ራሷ ናት፤ ከል ለብሳ፣ ፀጉሯን እንደተላጨች። አዝነውላት ዘጉላት። የጥሩሐረግ ልጆች ጦማቸውን አደሩ እንጂ መንገዱ መግደሉን አልተወም። ይህን አሁን፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከጥሩሐረግ አፍ መስማት እንዴት ይመራል!

የሻምበል እጁን ከጣሳው ላይ አላነሳም። ዐይኑ እሷ ላይ ነው። «ተወው» የምትል አንዲት ቃል ነው የሚጠብቀው፤ ከእናትየው አፍ ከወጣች ማንም አይደፍረውም። እሷም ልትናገር አፏን ትከፍታለች።

«አንቺ ነሽ የከለከልሽው?» ይቀድማታል ምሳው። «ለገዛ ልጅሽ ነፍስ ሰው አፉን እንዳያርስ?»

ከሴቶቹ አንዷ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ከፃግብጂ ከመጡት አሮጊቶች አንዷ አማርኛውን ትታ በኽምጣንጋ ለጎረቤቷ ሹክ ትላታለች፤ የሻሽወርቅ ግን ቋንቋው የእናቷ ነው፣ ይገባታል። «ለልጇ ሰሰተች» ነው የተባለችው። ፊቷ ይግላል። ወይ ይሉኝታ! ልጅ ተቀብሮ፣ ቤት ፈርሶ፣ ይሉኝታ ብቻ አይሞትም!

«ኧረ እኔ ምን አልኩ?» ትላለች። «ትንሽ ቅመስለት እንጂ፣ ልጄ።»

ወጣ ከአፏ። አይመለስ ነገር። የሻምበል እጁን ያነሳል፤ ምሳው ጣሳውን ጢም አድርጎ ይሞላዋል። «ነፍሱን ይማረው!» ይላል ዳሱ በአንድ ድምፅ። ልጁ ሳይተነፍስ ይጨልጠዋል። እንዲያ ጠምቶት ኖሯል ለካ።

«በሥላሴ ነው! ድገሙለት!» ይላሉ ከወዲያ ማዶ።

ምሳው ሊቀዳ ጆጉን ሲያዘነብል የሻሽወርቅ ብድግ ብላ ከእጁ ትቀማዋለች። ልታስቆመው መስሎት ሰው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል። እሷም ለአፍታ እንደዚያ መስሏት ነበር። «እኔ ልቅዳለት» ብቻ ትላለች። እሷ ከቀዳች ጎደል ታደርገዋለች፤ የቀራት መላ ይኸው ነው። እስከ ግማሽ ቀድታ ጆጉን ቀና ታደርጋለች።

በዳሱ በር በኩል መኪናው ይታያል። ቁልቁለቱ ላይ ሳይመሽብን ብላ ታናሽ እህቷ ልጆቿን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ላይ ታቀብላለች።

የሻምበል ግማሽ ጣሳውን ያያል፣ ቀጥሎ እሷን ያያል። ዐይኑ በእንባ ግጥም ብሏል።

«ይሙሉልኝ እንጂ፣ እማ የሻሽ» ይላታል። «ተስፋው ይህችን ታህል ብቻ ነው?»

ጆጉን ታዘነብላለች። አረፋው ከጣሳው አልፎ በልጁ ጣቶች ላይ እስኪወርድ ድረስ ትሞላለታለች።