ዕድሜ የሚያረዝም ሻይ

ፊታውራሪ አካለ ወልድ ዕድሜ የሚያረዝመው ሻይ ቤታቸው በገባ በዓመቱ ሞቱ።

ቢቸና ጥቂት አለቀሰ። ከዚያ ማን ገደላቸው ወደሚለው ገባ። ብዙም አልተቸገረ። ሚስታቸው ባንቺዓለም የልጅ ልጃቸው የምትመስል ቆንጆ ናት፤ ሻዩን የምታፈላውም እሷ ናት። የሚያቀርበው አሳላፊው ፋንታ ነው፤ እሱ ደግሞ ወንደላጤና ድኻ ነው። ከዚህ ወዲያ ምስክር ምን ያደርጋል?

ሻዩን ያመጡት ግን ራሳቸው ፊታውራሪ ነበሩ። ለመሬት ክርክር ሞጣ ሄደው ሳለ፣ ፋንታን አስከትለው እንድሪስ ከሚባል ነጋዴ ሱቅ ጎራ አሉ። እንድሪስ የቻይና ሥዕል ያለበት ቆርቆሮ ከፍቶ ደረቅ አረንጓዴ ቅጠል አስሸተታቸው።

«ጌታው፣ ይኸ ደም ያጠራል፤ ስብ ያቀልጣል፤ ልብ ያጸናል። ለዓይንም ለጉልበትም ነው» አላቸው። «ስኳር አይሻም። ውኃው ብቻ ተንተክትኮ ይፍላ።»

«ለዕድሜስ?»

«በቅጠሉ አገር ሰው በሰማንያ ዓመቱ ቢሞት ‹በአጭር ተቀጨ› ተብሎ ነው የሚለቀስለት።»

«አንተስ ትጠጣዋለህ?»

«እኔማ ነጋዴ ነኝ፤ ከጠጣሁት ምን እሸጣለሁ?»

ፊታውራሪ ሰባን አልፈዋል፤ ገና የሚከሱት ሰው ብዙ ነበር። ገዙት።

በትልቅ ሰው ቤት አሳላፊ መጠጥ ሲያቀርብ ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ መቅመስ አለበት፤ መርዝ ቢኖር እሱ ይቅደም ነው ነገሩ። ፋንታ ለዚህ ሥራ የተመረጠው በሆዱ ነው። አንበጣ አገሩን በላጨበት ዘመን ወላጆቹን ቀብሮ፣ ሥራ ሥር እየቆፈረ በልቶ ያደገ ነው። «ያ ያልገደለውን ምን ይገድለዋል?» ብለው ነበር ፊታውራሪ ሲቀጥሩት። ቆይተው ግን ምንም የማይገድለው ሰው ለቀማሽነት እንደማይሆን ገባቸው።

«መዳፍ አይበቃም፤ ሙሉ ሲኒ ይጠጣ» አሉ።

ፋንታ ሙሉ ሲኒ ጠጣ። ምንም አልሆነም። ፊታውራሪን ይህም ደስ አላሰኛቸውም።

«አንቺም ጠጪ» አሏት ሚስታቸውን።

«እኔ ምን አጠፋሁ ጌታዬ?»

«ገና ነዋ። ጠጪ።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ሁለቱ በፊታውራሪ ዓይን ሥር ፊት ለፊት ተቀምጠው ይጠጣሉ። ሳይሞቱ ሲቀሩ ሦስተኛው ሲኒ ይቀዳል። «በሉ ውጡ፤ ሰው እያየኝ መድኃኒት አልጠጣም» ይላሉ ፊታውራሪ። ሁለቱ ሲመለሱ ሲኒው ባዶ ነው።

ሻዩ በእርግጥ የሠራ መሰለ። ዱላቸውን ይዘው ከከብት ገበያው ቁልቁል እስከ ወንዙ ድረስ ብቻቸውን መመላለስ ጀመሩ። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት ይመጣል? ከሻዩ ነው ተባለ። ከመስኮታቸው ሥር ያለችው ጌሾ እንኳ በዚያ ዓመት ከሰፈሩ ሁሉ ለመለመች፤ ያን ጊዜ ግን ጌሾ የሚያይ ሰው አልነበረም።

ክረምት ሲገባ ሆዳቸውን ታመው ወደቁ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። በዚያ ሰሞን በወንዙ ዳር ጎጆዎች በተቅማጥ የሞቱ ነበሩ። እነሱ ድኾች ስለነበሩ ማንም አልገደላቸውም፤ እንዲያው ሞቱ።

የፊታውራሪ ወንድም ልጅ ደምለው ቀብሩ እንዳለቀ ንብረት ሊጠብቅ ቤቱን ገባበት። ሚስቲቱ ገዳይ ከተባለች ወራሹ እሱ ነው። በእሱ ጩኸት አውጫጭኝ ተጠራ፤ አገሬው ሁሉ ተሰብስቦ በመሐላ ወንጀለኛ ሊያወጣጣ። ጥፋተኛ የተባለ ታስሮ ወደ ደብረ ማርቆስ ይላካል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገመድ ነው። ፋንታ አንገቱን እያሻሸ ቆመ።

«ሻዩን ማን አፈላ?» ሲሉ ጠየቁ ጭቃ ሹም ውበቴ።

«እኔ» አለች ባንቺዓለም።

«ማን ቀመሰ?»

«እኔ ጌታዬ» አለ ፋንታ። «እመቤቴም።»

«ታዲያ እናንተ ለምን አልሞታችሁም?»

ፋንታ ባለመሞቱ ሲወቀስ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በአንበጣው ዘመንም ዘመዶቹ ጠይቀውታል።

«ማርከሻ አላቸዋ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሁሉ እውነት ነው አለ። አንዱ ገመድ ፍለጋ ሄደ።

ይኼኔ ደምለው ጉዳዩን ሊቋጨው ተነሣ። ጋቢውን አጣፍቶ ማለ። ፊቱ ገርጥቷል፤ ሐዘን ነው ተባለለት።

«አጎቴ እነዚህን ሁለቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠርጥረዋቸው ነበር» አለ። «በዚህ ጆሮዬ ነግረውኛል። ያን ሻይ አንዲት ጉንጭ አልጠጡትም፤ በመስኮት ነበር የሚደፉት። የቤቱን ውኃና ጠላ እንኳ ትተው፣ ከከብት ገበያው በታች ወንዝ ወርደው በገዛ እጃቸው እየጨለፉ ነበር የሚጠጡት። እኔም እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ እነሱ የነኩት ነገር አፌ አልገባም፤ የምጠጣው ከዚያው ወንዝ ነው።»

ገመድ ፍለጋ የሄደው ሰው ተመለሰ፤ የሚቀበለው አጣ።

ጭቃ ሹሙ ደምለውን ትክ ብለው አዩት።

«ሆድህን እንዴት አድርጎሃል ልጄ?» አሉት።

መስከረም ሲጠባ ከዚያ ቤት በሕይወት የቀሩት ባንቺዓለምና ፋንታ ብቻ ነበሩ።