ሩብ ክኒን

ሚስቱ የሽንኩርት ቢላዋውን አንስታ ብርቱካንማዋን ክኒን መክተፊያው ላይ ስታስቀምጥ፣ አናጢው «ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው?» ለማለት እንኳ አቅም አጣ። የቅልጥሙ አጥንት ካመረቀዘ ወዲህ ሥራው መድኃኒት መዋጥ ሆኗል። የሐኪም ቤቱንስ ችሎታል፤ ያስመረረው ይህ እሷ ሰው ነግሯት የምትገዛው፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ቫይታሚን ሲ ነበር። በቀን አራት ጊዜ ትበጠብጥለታለች፤ አራት ጊዜ ሆዱን ያቃጥለዋል። ዛሬ ጠዋት ግን ወጣቱ ሐኪም ገላገለው። «እናቴ፣ ቁስሉን የሚያድነው ዋናው መድኃኒት ነው። ይሄን የግድ ልስጠው ካሉም በቀን ከአንድ እንዳይበልጥ፤ ሲበዛ ለኩላሊትም ጥሩ አይደለም» አላት። አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች። ተያይዘው ቤት ገቡ።

አሁን እንደ ወርቅ አንጥረኛ አጎንብሳ ክኒኗን ለአራት ከፈለቻት። አንዷን ሩብ ብርጭቆው ውስጥ ጣለች፤ የቀሩትን ወደ ዕቃቸው መለሰች።

«አንድ ነው ያለኝ፤ ይኸው አንድ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው። «አራት ጊዜ ተነስተሽ አትበጥብጪለት ግን አላለኝም።»

ሩቧ ጥቂት ተንጫጫችና ዝም አለች። አናጢው ጠጣው። ውሃ ነው፤ ምንም አይልም። እሷ ግን ብርጭቆውን ለመቀበል እጇን ዘርግታ፣ እንደ ወትሮዋ ፊቱን ፊቱን ታየዋለች። አንጀቱን በላችው። ግንባሩን አጨማደደ፤ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጎመዘዘህ አይደል?»

«ኧረ ተይኝ!» አለ። «የዛሬውስ ባሰ።»