ፓውዛው

ከትልቁ ፓውዛና ከትንሿ ቢጫ መብራት አንዱን ለግቢያቸው ሊመርጡ አመሻሽ ላይ ደጅ ወጥተው ሳሉ፣ ሚስቱ ፓውዛውን ወደ ጽጌረዳዎቹ ስታዞር የሰውየው ልብ ቀጥ አለች። እህቷ ዘንድ በሰነበተችበት ጊዜ ውሃ ማጠጣት ረስቶ አበቦቹ ቢደርቁበት፣ በየግንዱ የፕላስቲክ ጽጌረዳ በሽቦ አስሮ ነበር። እሷም ከተመለሰች ወዲህ በየማታው እያንጎራጎረች ታጠጣቸው ነበር።

«ይቺ ትንሿ ትሻለናለች፣ የኔ እመቤት» አለ፣ ቢጫዋን መብራት እንደ ጫጩት በሁለት እጁ አቅፎ። «ማታ ደጅ የምንቀመጠው ለመጫወት እንጂ መርፌ ልንፈልግ ነው እንዴ?»

ሚስቱ ፓውዛውን አበራችው። ሽቦው ሁሉ አብረቀረቀ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ጉዱን ሲጠብቅ፣ እሷ ቀስ ብላ አጠፋችው።

«እውነትህን ነው፣ ትንሿ ትሁን» አለች። «በዚህ ብርሃን ፕላስቲክ ውሃ ሳጠጣ ጎረቤት ካየኝ፣ አበደች ነው የሚለኝ።»