ባሮኑ ልጁን ሲጠብቅ

ከቨርነን ቲግ የበለጠ የተጠላ ሰው ኖክስቪል ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ባሮን ሮትማን ተብሎ ጥቁር ካባውን አጥልቆ የነጻ ትግል ሪንግ ላይ ይወጣና ጀርመንኛ የሚመስል ነገር እያንባረቀ ሕዝቡን ይሰድባል። የምን ጀርመን! የቴነሲ ትምባሆ ገበሬ ልጅ ነው፤ ጀርመንን ካርታ ላይ አሳየን ቢሉት ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ይውላል።

የሚደበድበው ዱዊ ሎክሃርትን ነበር። ዱዊ ወርቃማ ጸጉር፣ ነጭ ቁምጣ፣ ለአሮጊት ጎንበስ ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ፣ አገር የወደደው ልጅ። ባሮኑ ዓይኑ ውስጥ ጨው ይበትንበታል፤ ዳኛው ዞር ሲል ወንበር ያቀምሰዋል። ሕዝቡ ያለቅሳል። አንዲት አሮጊት ባሮኑን በባርኔጣ መርፌዋ ጭኑ ላይ ወግታዋለች። የመኪናውን ጎማ ስንቴ እንደቀደዱበት እሱም አያውቀው።

ሁለቱ ግን የልብ ጓደኞች ነበሩ። ማን እንደሚያሸንፍ፣ ማን እንደሚደማ አሠሪያቸው አስቀድሞ ይነግራቸዋል። ይህን ለውጭ ሰው ያወራ ታጋይ ግን በማግስቱ ሥራ የለውም። ስለዚህ በአንድ መኪና አይሄዱም፣ በአንድ ገበታ አይታዩም። ዓሣ ለማጥመድ እንኳ ማንም የማያውቃቸው ሩቅ ሐይቅ ድረስ፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ ነበር የሚሄዱት።

ቨርነን ይህን ሕግ ቤቱ ድረስ ይዞት ገባ። ጥፋቱም ይኸው ነው። ሚስቱ ስትሞት ራሞና የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ትታለት ነበር። ልጅቷ የባሮኑ ልጅ ተብላ ትምህርት ቤት እየተተፋባት አደገች። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አባቷ የዱዊን ክንድ በቴሌቪዥን ሲሰብር አየች። ክንዱ ደህና ነበር። ዱዊ ቤት እያሠራ ስለነበር ሁለት ወር እረፍት ፈልጎ ነው በጀሶ የተጠቀለለው።

"አባዬ፣ ለምን ሰበርከው?" አለችው እራት ላይ።

"ልፍስፍስ ስለሆነ" አላት። ልጅ ናት፣ አፏን አትጠብቅም ብሎ ፈርቶ ነው። እሷ ግን ሳህኗን ገፍታ ተነሣች፤ ከዚያ ወዲህ አባዬ ብላው አታውቅም።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሻንጣዋን አንሥታ ኦሃዮ ገባች። ከመሄዷ በፊት ለዱዊ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ "ስለ አባቴ እኔ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ" የሚል። ዱዊ ትግሉን ትቶ ምግብ ቤት ሲከፍት ደብዳቤውን በመስታወት አስገብቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ሰው የአሳማ ጎድኑን ሊበላ ይመጣል፤ ደብዳቤውን አንብቦ የዱዊን ክንድ ዳስሶ ይሄዳል።

"ዝናብ ሲመጣ ይጠዘጥዘኛል" ይላቸዋል ዱዊ።

ቨርነን ይህን ሲሰማ በሳቅ ይሞታል። "ተወው፣ ለገበያህ ጥሩ ነው" ይለው ነበር።

ባለፈው መከር ቨርነንን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ከዳው። ዱዊን ሆስፒታል አስጠራው።

"እኔ ብነግራት አታምነኝም" አለው። "አንተን ታምንሃለች። ጨዋታ ነበር በላት። ሌላ ምንም አልፈልግ፤ ይችን ሰምታ ልሙት።"

"ዛሬውኑ እደውላለሁ። አንተ ዝም ብለህ ተኛ፣ ሽማግሌ ጀርመን!"

ቨርነን በግማሽ ፊቱ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ምት መጣና አንደበቱን ዘጋው። ይሰማል፣ ያያል፤ ከዚያ በቀር ምንም።

ዱዊ ደወለ። ራሞና ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ደግሞ ደወለ።

"ይሙታ!" አለች። "ሚስተር ዱዊ፣ እርስዎ እንዴት ሰው ነዎት? ለዚህ አውሬ ነው የሚለምኑለት?"

"በስልክ የማይሆን ነገር አለኝ፣ ልጄ። ነይና እሱ ባለበት ልንገርሽ።"

"ብመጣም ልረግመው ነው የምመጣው። ይወቁት።"

ከእንዲህ ያለች ልጅ ምን ተስፋ ይጠበቃል? ዱዊ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በየቀኑ እየመጣ የቨርነንን ጢም ይላጫል፣ ጸጉሩን ያበጥራል፣ "ትመጣለች፣ አይዞህ" ይለዋል። የቨርነን ዓይን ከበሩ አይነቀልም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጣች። ካፖርቷን አላወለቀችም፤ ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም። ዱዊ የባሮኑን ልጅ ሊያነጋግር ነው መባሉን የሰሙ ሁሉ ተከትለዋት በሩ ላይ ተኮልኩለዋል፤ ነርሶች፣ ጽዳት ሠራተኞች፣ በክራንች የቆመ በሽተኛ።

"ሚስተር ዱዊ፣ ክንድዎ የተሰበረ ጊዜ እናቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም" አለች አንዷ ነርስ፣ የሚፈርምላት ወረቀት ይዛ።

ራሞና አባቷን አየችው። ልትረግም አፏን ከፍታ፣ እርግማኑን ትታ ወደ አልጋው ጠጋ አለች።

"ምነው እንዲህ አነሰ?" አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ ዱዊ ዞረች። "ባለቤቴ ትግል ሁሉ የውሸት ነው ይለኛል። ስቄበት ነበር። እውነቱን ነው እንዴ? ውሸት ከሆነ ይንገሩኝ፣ ሚስተር ዱዊ። ከሆነ ከዚህ አልጋ ሥር አልነሣም፤ እግሩን ስሜ አስታምመዋለሁ።"

ከቨርነን ዓይን እንባ ወረደ፤ የዱዊን አፍ አፍ ያያል።

ዱዊ በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ራሞናን ትከሻዋን አቀፋት።

"አንዱም ውሸት አልነበረም፣ ልጄ" አላት። "እኔ ግን ይቅር ብዬዋለሁ።"