ምድጃው ላይ የረጋ ሞራ

አልፊያ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ አክስቷ ቤት ለቅሶ አድራ ስትመለስ አረፍ እንኳ ሳትል ቡታጋዙን ልትወለውል ተነሣች። አማቷ እትዬ ዘይቱና ለእራት ይመጣሉ፤ እሳቸው ደግሞ ከሰላምታ በፊት ዕቃ የሚቃኙ ሴት ናቸው።

ቡታጋዙን ኮልፌ ሁሉ ያውቀዋል። ባሏ ጀይሉ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ከሚሸጥ ጣሊያን ገዝቶ በጋሪ ያስመጣው ቀን ልጅ አዋቂው ወጥቶ አይቶታል። ከዚያ ወዲህ የጎረቤትም ነው፤ በተለይ የወለተጻድቅ። አልፊያ ወጣ ስትል የቤቱ ቁልፍ እሷ ዘንድ ይቀመጣል፤ ሻይ ታፍላበታለች፣ ሽሮ ታንተከትክበታለች። ሥጋ ብቻ አይነሣም። የክርስቲያን ሥጋ በእስላም ምድጃ እንደማይጣድ ሁለቱም ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ነገር ስለሆነ አንድም ቀን ተነጋግረውበት አያውቁም።

አልፊያ ሎሚዋን ቆርጣ፣ አመዷን ነፍታ፣ እሳቱ የሚወጣበትን ክዳን አነሣች። ሥሩ ነጭ ሞራ ረግቷል። ጥፍር የምታህል የአጥንት ስንጣሪም ተቀርቅራበታለች።

እጇ ቀጥ አለ። እሷ ሰሞኑን ሥጋ አልሠራችም። ትናንት መርዶው ድንገት ሆኖባት ለጀይሉ እንኳ የሚቀመስ ነገር ሳትተው ነው የወጣችው። ቁልፉ ደግሞ የት እንዳደረ ይታወቃል።

«ወለቴ! አንቺም?» አለች ለብቻዋ።

ምድጃው ይሁን፣ ድስቱስ? ጭልፋውስ? የአማቷ እራት የሚሠራበት! ተናደደች፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ሐዘኑ ባሰባት። እንደ እህቷ ነበር የምታያት።

ሞራውን በፈላ ውሃ እየለቀለቀች ትፈትገው ጀመር። ጀይሉ ከመጣች ጀምሮ ከእንስራው ሥር አልጠፋም። አሁንም አንድ ጣሳ ውሃ ገልብጦ አፉን ጠረገና፣

«እጅሽ ይባረክ፣ አንቺ ሴት!» አላት።

«ቆይ፣ ገና መች ፈተግኩትና» አለችው ቀና ሳትል። ስቆ ወደ ሱቁ ሄደ።

ምድጃው አበራ፤ የእሷ ልብ ግን አልጠራም። ሻሿን አስራ ወጣች፤ ቁልፏን ልትቀበል፣ ከዛሬ ጀምሮም እሳቱንም ሰላምታውንም ልታቋርጥ። የገረሱ ልኳንዳ በር ተከርችሞ ደጃፉ ላይ ድመቶች ተጋድመዋል፤ እነሱንም ገላምጣ አለፈቻቸው። ማዶ ቤተሰቡ ሥጋ የሚገዛበት ከሊፋ «እንዴት ዋላችሁ?» ሲላት እንኳ መልስ አልሰጠችውም።

ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ወለተጻድቅ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅዳሴ መመለሷ ነው፤ ከንፈሯ ደርቋል፣ ነጠላዋንም አላወረደችም።

«አልፊ! እግዜር ያጥናሽ፤ ግቢ እንጂ» አለቻት።

«አልገባም። ቁልፌን አምጪ።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ምድጃዬ ላይ ሥጋ ሠርተሻል፣ አልሠራሽም?»

«ሠርቻለሁ።»

የአልፊያ እንባ መጣ። ክዳ ብትከራከራት ይሻላት ነበር። እጇን ዘረጋች። ወለተጻድቅ ግራ እንደገባት ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታ መዳፏ ላይ አኖረችላት።

«ቆይ ግን፣ ጀይሉ ወጡ ጨው በዛበት አላለሽም? የከሊፋን ሥጋ ገዝቼ ነው የሠራሁለት፤ በሁዳዴ ቀምሼ አላይ ነገር!»