ሁለቱ አሥራ ሰባቶች

የካርድ መርማሪው ከንጽሕናው ብዛት ውሃን አጥቦ የሚጠጣ ሰው ነበር። ዝንብ እንኳ በቢሮው በር ስታልፍ እግሯን ትጠርጋለች ይባላል። ሥራው ስመ ጥር የእግር ኳስ ተጫዋቾች የፈረሙባቸውን ባለፎቶ ካርዶች መመርመር ነው፤ እውነተኛውን በማኅተም ያረጋግጣል፣ ሌላውን በቀይ ቀለም «ሐሰት» ብሎ ይመልሳል። ነጭ ጓንቱን ከእጁ ስለማያወልቅ አገሩ ሁሉ «ባለጓንቱ» ይለዋል።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ቢሮው ገባ። ጢሙ ላይ የሦስት ቀን ምሳ ተከማችቷል። ሲያስነጥስ ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ሁለት ወር ተገለበጠ። አውራ ጣቱን በምላሱ አርሶ ከኮቱ ኪስ አንድ ፖስታ መዘዘ። የባለጓንቱ ቁርስ እስከ ጉሮሮው ወጥቶ ተመለሰ።

«ፈረመልኝ እባላለሁ» አለ መካኒኩ። «እናቴ ያወጣችልኝ ስም አይደለም፤ የጋራዥ ሰዎች ናቸው። ያ ታላቁ የኳስ በረኛ መኪናው ፍሬን እምቢ ብሎት እኛ ዘንድ መጣ። ሠራሁለት። ሒሳብ አልቀበልህም ስለው ይህን ካርድ እፊቴ ፈርሞ ሰጠኝ። ፈረመልኝ እያልኩ ሠላሳ ዓመት ሞላኝ፤ አንድም ያመነኝ የለም። ጡረታ ልወጣ ሳምንት ነው የቀረኝ። እውነት ነው ብለው ይጻፉልኝና በገዛ ስሜ ልሰናበት።»

ካርዱ አምና የሞተው የታላቁ በረኛ ነው። ሠላሳ ብቻ ታትሞ፣ ከአንድ እስከ ሠላሳ ቁጥር ተሰጥቶት የወጣ። ፎቶው ላይ በረኛው፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታበት እንደ ልማዱ፣ የግቡን ቋሚ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ቆሟል። ያ ሰው ኳስ ይቅርና ዝናብ ወደ ግቡ አያስገባም ነበር።

ባለጓንቱ ካርዱን በወረንጦ ይዞ ወደ መብራቱ አስጠጋው። ጥጉ ላይ፣ ልክ ቋሚው ላይ፣ ባቄላ የሚያህል ቡናማ እድፍ ተለጥፏል። እንደ ታረሰ ማሳ መስመር መስመር አለው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እሱማ...» መካኒኩ ጥቁር ጣቱን ወደ ካርዱ ሰደደ።

«እንዳይነኩት። መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ።»

መካኒኩ ወጣ። መዝገብ የምትይዘው የባለጓንቱ ታናሽ እህት ከጠረጴዛዋ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ከታጠበ ሰውዬው ራሱ አልቆ ልብሱ ብቻ ነው የሚመለሰው።»

«ቀልዱን ተይና ቁጥሩን አንብቢ።»

«አሥራ ሰባት።» ወደ ግድግዳው ዞረች። «የኛስ አሥራ ሰባት አይደል?»

የእነሱ ካርድ ግድግዳው ላይ፣ መስተዋት ውስጥ ነው። ለባለጓንቱ የሸጠለት ክራባት ያሰረ፣ ሽቶ ሽቶ የሚል ሰው ነበር። ካርዱ እንደ ሕፃን ጥርስ ንጹሕ ነው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የበረኛው ሚስት መጥተው ሊያዩት ነው፤ ከተቀበሉት በስታዲየሙ መግቢያ፣ ከባላቸው ሐውልት ሥር ይቀመጣል፣ የባለጓንቱም ስም ከጎኑ ይጻፋል። ባለጓንቱ ለዚህ ቀን ሲል ጫማውን ሁለት ወር ሙሉ ሲወለውል ከርሟል።

«ሁለት አሥራ ሰባት አይኖርም» አለ። «አንዱ የአጭበርባሪ ሥራ ነው። የትኛው እንደሆነ አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል።»

«የኛንም አብረን ብናየውስ?»

«የኛ ታይቷል። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ።»

ጥጥ በአልኮል ነክሮ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ እድፉን ጠረገው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጥጡን ቅርጫት ውስጥ ጥሎ ፊርማውን በአጉሊ መነጽር አየ። የመካኒኩ ፊርማ ጅራቱ ይንቀጠቀጣል፤ መስተዋት ውስጥ ያለው ግን እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ነው። ቀዩን ቀለም አንሥቶ ወረቀት ላይ «ሐሰት» ብሎ ጻፈ።

መካኒኩ ሲመለስ እጁ ከመታሸት ብዛት ቀልቷል። ጎንበስ ብሎ ካርዱን አየ።

«እድፉስ?»

«ውለታ ዋልኩልዎ። ጠረግኩት።»

መካኒኩ ተቀመጥ ሳይባል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ቀን ጠርጌው አላውቅም።»

ባለጓንቱ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። «ያስታውቃል።»

«ጥጡን ይስጡኝ።»

«ምኑን?»

«ጥጡን፣ ጌታዬ። የጠረጉበትን።»

እህቲቱ አፏን በመሐረብ ሸፈነች። ባለጓንቱ ጥጡን በወረንጦ፣ የሞተ አይጥ በጅራቱ እንደሚያዝ አድርጎ፣ ከቅርጫቱ አወጣው። መካኒኩ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተው። በቀይ የተጻፈበትን ወረቀት አላነበበውም።

«እንግዲህ ፈረመልኝ እንደተባልኩ ልሙታ» ብሎ ካርዱን ይዞ ወጣ።

የተቀመጠበት ወንበር በአራት ዓይነት ሳሙና ታጠበ። መስኮቶቹ በሙሉ ተከፈቱ። ባለጓንቱ ግን ምሳ አልወረደለትም፤ ያ ጥጥ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ መኖሩ እየታወሰው ምራቁን መዋጥ እንኳ ቀፈፈው።

ከሰዓት የበረኛው ሚስት ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ባለጓንቱ አዲስ ጓንት አጥልቆ ካርዱን ከመስተዋቱ አወጣላቸው።

«እትዬ፣ ስለ ፊርማው ብቻ ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ። ጅራቱን ይመልከቱልኝ፣ እንዴት ቀጥ እንዳለ።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን አጠለቁ። ጅራቱን አላዩትም። ካርዱን ወደ ብርሃን አዘንብለው፣ ጥጉን፣ ቋሚውን በጥፍራቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ገልብጠው አዩ። እንደገና ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ፊርማውንማ ሲታክተው እኔም እፈርምለት ነበር፤ አፈር በምራቁ ለውሶ ቋሚው ላይ ያተመው አውራ ጣቱ የታለ?»